ሳያዩ መግዛት፦ ያገለገሉ መኪኖች ሐራጅ ቤት ታሪክ

ያገለገለ ሆኖ ወደ አገራችን የገባ ሚኒባስ ወይም ላንድክሩዘር ሰቆጣን አልፎ በዋግ ኽምራ የዝቋላ ወረዳ መቀመጫ እስከሆነችው ጽጽቃ ድረስ ሲወርድ፣ በመጨረሻው ባለቤት እጅ የሚገኙት ወረቀቶች ሊብሬው፣ የሽያጭ ውሉና ምናልባትም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ናቸው። እነዚህ የሚናገሩት ስለ ባለቤትነትና ስለ ቀረጥ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ፣ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር እውነተኛ እንደሆነ የሚገልጽ መስመር የለባቸውም። የሚያስቆጨው መረጃው ከመጀመሪያው ያልነበረ አለመሆኑ ነው። መኪናው ከጃፓን ሐራጅ ቤት የወጣ ከሆነ፣ አንድ መርማሪ ዙሪያውን ዞሮ፣ ሥሩ ገብቶ፣ እያንዳንዱን ጭረት በወረቀት ላይ አስፍሮለት ነበር። ወረቀቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ መኪናው ብቻ መጣ።

በአገራችን ያገለገለ መኪና ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ዕድሜና ስለ ቀረጥ ይሆናል። እኔ ግን ዋናው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። መኪናውን አስገባን፣ መኪናውን ሳያዩ ለመግዛት ያስቻለውን ተቋም ግን አላስገባንም። ይህን ለመረዳት የሐራጅ ቤቱን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ለዋግ ኽምራ ሰው ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተከዜ ሸለቆ ቁልቁለት ላይ ዲፈረንሻሉ የተሰበረ መኪና ዕቃው ከወልድያ ወይም ከደሴ እስኪመጣ መቆም አለበት። ከእርሱ ጋር እህሉም፣ መድኃኒቱም፣ ተሳፋሪውም ይቆማል። መርካቶ አጠገብ ላለ ሰው የተደበቀ ጉድለት የገንዘብ ኪሳራ ነው፤ ዝቋላ ላለ ሰው ግን ከዚያም በላይ ነው።

ነጋዴ ለነጋዴ የሚሸጥበት የመኪና ሐራጅ ቤት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካዎች ለጦርነት ሲያመርቱ ከርመው አዲስ መኪና ጠፍቷል፤ ፈላጊው ግን በዝቷል። በእንግሊዝ ዴቪድ ዊኪንስ የሚባል ሰው መኪናውን ለመሸጥ ማስታወቂያ ቢያወጣ ገዢው ስለጎረፈበት በዚያው በጨረታ ሸጠው ይባላል። በ1946 እ.ኤ.አ. ፍሪምሊ ላይ የከፈተው ሐራጅ ቤት በኋላ የብሪታንያ ትልቁ የመኪና ሐራጅ ድርጅት ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ማንሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ነጋዴዎች ተመሳሳይ ቤት አቋቁመው ነበር፤ ዛሬ የከተማዋ ስም የድርጅቱ ስም ሆኖ ይታወቃል። በእነዚህ ቤቶች መኪናዎቹ ተሰልፈው እየተነዱ በጨረታ መሪው ፊት ያልፋሉ፣ ገዢዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ጭሱን ያያሉ፣ ኮፈኑን ያስከፍታሉ።

በእነዚህ ቤቶች አንድ ትንሽ ግን ትልቅ ነገር ተፈጠረ፤ እርሱም መብራቱ ነው። በአሜሪካ ሐራጅ ቤቶች ከጨረታ መሪው ራስ በላይ ቀለም ያላቸው መብራቶች አሉ። አረንጓዴው ከበራ ሻጩ ስለ ሞተሩና ስለ ሌሎች ዋና ዋና ክፍሎች ኃላፊነት ይወስዳል፤ ገዢው ነድቶ ሞክሮ ከባድ ጉድለት ካገኘ ሊመልስ ይችላል። ቢጫው መኪናው የተነገረ ጉድለት እንዳለበት ያስታውቃል። ቀዩ ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ፣ መመለስ የሌለበት ማለት ነው። ሰማያዊው የባለቤትነት ሰነዱ ገና አልደረሰም ይላል። እነዚህ መብራቶች ዋጋ አይወስኑም። የሚወስኑት አደጋው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው፤ ዋጋው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀይ የበራለት መኪናም ይሸጣል፣ ግን ሁሉም እያወቀ በቀይ ዋጋ ይሸጣል። የሐራጅ ቤቱ ሥራ ሰዎችን ማሰባሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሜዳና አንድ ድምፀ ጎርናና ሰው ይበቃው ነበር።

ነገሩን ወደ ፍጻሜ ያደረሱት ግን ጃፓኖች ናቸው። በጃፓን አዲስ የቤት መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ውድ ምርመራ ማለፍ ስላለበት ብዙ ባለቤት ከመመርመር መለወጥን ይመርጣል። ስለዚህ ገና ብዙ ዘመን የቀረው መኪና በገፍ ወደ ገበያ ይወጣል። ከሐራጅ ድርጅቶቹ ትልቁ የሆነው ዩኤስኤስ በ1980 እ.ኤ.አ. በአይቺ ግዛት ተመሥርቶ በ1982 የመጀመሪያውን ጨረታ አካሄደ። እዚያ ድምፅ የሚያሰማ አጫራች የለም። ገዢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይጫናል፣ እያንዳንዱ ጭነት ዋጋውን በተወሰነ የን ይጨምራል፣ ሻጩ የወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ ሲታለፍ ስክሪኑ ያሳውቃል፣ አንዱ መኪና በሰኮንዶች ውስጥ ተሸጦ ሌላው ይተካል። ቶኪዮ አቅራቢያ ኖዳ ባለው ሜዳው በአንድ የጨረታ ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ያልፋሉ። በዚህ ፍጥነት ማንም እያንዳንዱን መኪና ሊያይ አይችልም። ፍጥነቱ የተቻለው ከጨረታው በፊት ሌላ ሰው በእርጋታ አይቶ ስለጨረሰ ነው።

በ1985 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦክኔት ደግሞ ሜዳውን ራሱን አስቀረው። የመኪናዎቹ ሥዕል በሌዘር ዲስክ ለነጋዴዎች ይላክ ነበር፣ ጨረታው በስልክ መስመር ይካሄድ ነበር፣ መኪናው ግን ከሻጩ ግቢ አይነቃነቅም ነበር። መኪናውን ያላየ ሰው እንዲገዛ ከተፈለገ ሊያምነው የሚችል ዓይን መኖር አለበት፤ ስለዚህ ኦክኔት መርማሪዎች አሰልጥኖ እየላከ ለእያንዳንዱ መኪና ደረጃ ሰጠ። ሆ ጊዩን ሊ የተባለ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ገበያ ሲያጠና ብዙዎች ያልጠበቁትን ውጤት አገኘ። በኤሌክትሮኒክ ጨረታው የሚሸጡት መኪኖች ዋጋ ከተለመደው ሐራጅ ከፍ ያለ ነበር፤ ደኅና መኪና ያለው ሻጭ ደኅንነቱ ወደሚታወቅለት ገበያ ይዞ ይመጣ ነበርና። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ የተነበየው የዚህን ግልባጭ ነው፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል፣ በዚያ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አይሸጥም፣ ገበያው ላይ የሚቀረው ጉዳተኛው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሐሳቦች ዋነኛው ይህ ነው። የጃፓን ሐራጅ ቤት ለአከርሎፍ የተሰጠ ተግባራዊ መልስ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

መርማሪው የሚሞላው ወረቀት ምን ይመስላል? አንድ ገጽ ነው። ከላይ የሞዴሉ ስም፣ የተመዘገበበት ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የቆጣሪው ንባብና አጠቃላይ ደረጃው ይሰፍራሉ። ደረጃው ለአዲስ መሰል ከሚሰጠው ኤስ ይጀምርና በ5፣ በ4 ተኩል፣ በ4 እያለ ይወርዳል፤ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና አር የሚለውን ፊደል ይይዛል። የውስጡ ንጽሕና ለብቻው በኤ፣ በቢ፣ በሲ ይለካል። ከታች ጥግ ላይ መኪናው እንደ ተዘረጋ ቆዳ ከላይ ሆኖ ተሥሏል፤ በሥዕሉ ላይ ኤ ከ1 ጋር ትንሽ ጭረት፣ ዩ ከ2 ጋር መካከለኛ ስርጉደት፣ ደብሊው ተጠግኖ የተቀባ ቦታ፣ ኤክስኤክስ የተለወጠ አካል ማለት ነው። መርማሪው በመብራት የራዲያተሩን መያዣ ብረት ብየዳ ያያል፣ የኮፈኑና የበሩ ብሎኖች ቁልፍ ነክቷቸው እንደሆነ ይመለከታል፣ ምንጣፉን ገልጦ ውኃ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ይፈትሻል። ስለ ኪሎ ሜትሩም ቤቶቹ የጋራ መዝገብ አላቸው፤ መኪናው ባለፈው ጨረታ 90,000 አንብቦ ዛሬ 60,000 ካነበበ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገዢው በተወሰነ ቀን ውስጥ ለሐራጅ ቤቱ አቤት ይላል፣ ቤቱም በሻጭና በገዢ መካከል ይዳኛል፣ ሽያጩን እስከማፍረስ ይደርሳል። ወረቀቱን ከማስታወቂያ የሚለየው ይህ ተጠያቂነት ነው።

የውጭ አስመጪ በዚህ ውስጥ የሚገባው በሰው በኩል ነው። ሐራጅ ቤቶቹ የሚያስተናግዱት አባሎቻቸውን ሲሆን፣ አባል ለመሆን በጃፓን ያገለገለ ዕቃ የመነገድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስመጪው ለወኪል ቅድሚያ ያስይዛል፣ ከሚመጣው ዝርዝር ይመርጣል፣ ከዚህ አልፈህ እንዳትጫረት የሚለውን ጣሪያ ይሰጣል። ወኪሉ ካሸነፈ በዋጋው ላይ የሐራጅ ቤቱ ክፍያ፣ የወኪሉ ድርሻ፣ እስከ ወደብ ማጓጓዣና የመርከብ ኪራይ ይደመራሉ። መኪናው ከጃፓን መዝገብ ተሰርዞ ለውጭ መላኪያ የሚሆን የስረዛ ምስክር ወረቀት ይወጣለታል። ይህን ንግድ ከማንም በላይ የተቆጣጠሩት በጃፓን የሚኖሩ ፓኪስታናውያን ነጋዴዎች ናቸው፤ መረባቸው ከናጎያና ከዮኮሃማ እስከ ዱባይ ተዘርግቷል። ኬንያም፣ ታንዛኒያም፣ ኒውዚላንድም በዚህ መንገድ መኪናቸውን ከጃፓን በቀጥታ ያገኛሉ፤ እነርሱም እንደ ጃፓን በግራ የሚነዱ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ አገሮች ናቸውና።

የእኛ መንገድ የተለየው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልገን መሪው በግራ የሆነ መኪና ነው፤ የጃፓን ሐራጅ ቤት ግን ከሞላ ጎደል የቀኝ መሪ ብቻ ያወጣል። ክፍተቱን የሞላችው ዱባይ ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. ራስ አል ኾር ላይ ዱካምዝ የተባለው የመኪና ነፃ ቀጠና ተከፈተ፤ ዋና ሥራውም ከጃፓን የመጡ መኪኖችን ወደ ሌሎች አገሮች መልሶ መላክ ሆነ። በአካባቢው ያሉ ጋራዦች መሪ የማዛወርን ሥራ ያዙ። በአዲስ አበባ ጎዳና ለዓመታት የበዙት ቪትዞች ብዙዎቹ በዚህ በኩል የመጡ ናቸው፤ ገዢውም ከአውሮፓ ለመጣው ያሪስ ከቪትዙ አብልጦ የሚከፍለው መሪው ያልተነካ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይነቀላል፣ ፔዳሎቹና የፍሬን ፓምፑ ይሻገራሉ፣ ሞተሩን ከውስጥ የሚለየው ላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል፣ ሽቦው ይቀጠላል። ይህ ከተሠራ በኋላ በናጎያ የተጻፈው ወረቀት ስለሌላ መኪና የተጻፈ ያህል ነው። ሻጩም ይዞት ለመምጣት ምክንያት የለውም፤ የሚጠይቀው የለምና።

እኛስ ጋ ሐራጅ የለም ወይ ለሚል፣ በደንብ አለ። ጉምሩክ የወረሰውን ይሸጣል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጁ መኪኖቻቸውን በንብረት ማስወገድ ጨረታ ያወጣሉ፤ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጣቸው ሥልጣን ዕዳ ያልተከፈለበትን መያዣ ይሸጣሉ። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ተጫራቹ ሰነድ ይገዛል፣ ሲፒኦ ያስይዛል፣ በሥራ ሰዓት ግቢው ድረስ ሄዶ መኪናውን ከውጭ ያያል፣ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁልጊዜ የማይጠፋ አንድ ሐረግ አለ፦ ባለበት ሁኔታ። የእኛ ሐራጅ በቀይ መብራት ብቻ የሚሠራ ሐራጅ ነው። ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ማን እንደሆነ በጥንቃቄ ይለያል፣ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ተጫራቹ ለማያውቀው ነገር ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ደኅና መኪና ያወጣ መሥሪያ ቤትም ከጉዳተኛው ጋር እኩል ይከስራል። የሕዝብ ገንዘብ በየዓመቱ በዚህ ሐረግ በኩል ይፈሳል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ያገለገለ መኪና የሀብታም አገር ጥራጊ ነው፣ ድኻ አገር መጣያ መሆን የለበትም፣ መፍትሔው በዕድሜ መከልከል ነው የሚል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር፦ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪና 5 በመቶ ሲከፍል፣ በዕድሜ የገፋው እስከ 500 በመቶ ተጣለበት። ስለ ጭስና ስለ አደጋ ያለው ሥጋት እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ዕድሜ ግን የመኪና ጤና ደካማ ምስክር ነው። በየሁለት ዓመቱ ተመርምሮ 50,000 ኪሎ ሜትር የሄደ የስምንት ዓመት መኪናና ተገልብጦ በስቱኮ የተሞላ የሦስት ዓመት መኪና ጉምሩክ በር ላይ ሲደርሱ ከባዱ ቅጣት የሚወድቀው በጤነኛው ላይ ነው። መንግሥት ዕድሜን የመረጠው የተመረተበት ዓመት ሰነድ ላይ ስላለና ጤናው ስለሌለ ነው። የሁኔታ ወረቀቱ ከመኪናው ጋር እንዲመጣ ቢገደድ፣ እዚህም በገለልተኛ መርማሪ ቢረጋገጥ፣ ታክሱ ራሱ የሚፈልገውን መምታት ይችል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ መውጣት ይችላል ወይ የሚለውን ይመልሳል፤ ታሪኩን ግን አይጠይቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደላላው ይህን ይሠራል የሚል ነው። ደላላን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ከሰቆጣ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ገዢ ያለ እርሱ ገበያውን አያገኘውም። ግን ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። የጃፓኑ መርማሪ ደመወዝ መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም አይለወጥም፤ ስሙ የሚበላሸው ሲዋሽ ብቻ ነው። የበቅሎ ገዢ እንኳ ጥርሷን ራሱ ገልጦ አይቶ፣ በዚያም ላይ ሻጩን ዋስ ያስጠራል። ፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ስለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ መሆኑን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደንግጓል። ነገር ግን መኪናው በተሸጠበት ቀን በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ከሳሽ ፍርድ ቤት ምን ይዞ ይቀርባል?

ወረቀቱም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። የተቀየረ የጨረታ ወረቀት በፓኪስታንም በስሪላንካም የታወቀ ችግር ነው። የዚያ መልስ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ከሐራጅ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው፤ ለዚህ የሚያገለግሉ ማረጋገጫዎች ተፈጥረዋል። ሐሰተኛ ብር አለ ተብሎ ገንዘብ አልተተወም።

ከሁሉ የሚከብደው እንዲህ ያለ ተቋም በእኛ አገር አይሠራም የሚለው ነው። ግን ሠርቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሰሊጡ ወይም ቡናው መጋዘን ይገባል፣ ናሙናው ይመረመራል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ገዢው አዲስ አበባ ተቀምጦ ጆንያውን ሳያይ ደረጃውን አምኖ ይገዛል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የጨረታ ማዕከላት ይሸጥ ነበር። ከምርት ገበያው ስሕተትም የምንማረው አለ። ቡናው በደረጃ ተደባልቆ ሲሸጥ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ጠፋ፤ የምንጩን ታሪክ የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች አማረሩ፤ የ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ላኪው ከአቅራቢው በቀጥታ እንዲገዛ በር እስኪከፍት ድረስ ክርክሩ ቀጠለ። መኪና እንደ ቡና አይደባለቅም፤ የየራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ታሪኩን ይዞ መቆየት በመኪና ይቀላል።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ይህ ሁሉ አርጅቷል የሚል አንባቢ ይኖራል። በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከቫት ነፃ ተደርገው ነበር። ክልከላው ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል እንጂ አያስረጀውም። አንደኛ፣ አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ምትክ ስለማይመጣላቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጡበት ጊዜ ይረዝማል፤ እነርሱም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሰቆጣ እያሉ ወደ ዳር ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ባትሪው ነው፣ ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው ደግሞ በዓይንም በጆሮም አይታወቅም። ጋራዥ ያለው ባለሙያ የናፍጣ ሞተርን ጭስ አይቶ አንድ ነገር ሊል ይችላል፤ የተዳከመን ባትሪ ግን ከመሣሪያ በቀር ማንም አይመሰክርበትም።

ለመጀመር ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ነገ ለሚያወጡት ጨረታ ከየመኪናው ጋር የአንድ ገጽ ምርመራ ቢያያይዙ፣ መርማሪው ከሻጩም ከገዢውም የማይወግን ሆኖ ስሙንና ፊርማውን ቢያኖር፣ ሐሰት ሲገኝ ደግሞ ገዢው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ አቤት የሚልበት ቦታ ቢኖር ሥራው ተጀመረ። ወረቀቱ በሻንሲ ቁጥር ተመዝግቦ መኪናው በተሸጠ ቁጥር እየተጨመረበት ቢሄድ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጽጽቃ ላይ ሚኒባስ የሚገዛ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን በስልክ ልኮ መኪናው በየትኛው ዓመት፣ የት፣ ምን እንደተበየደለት ማወቅ ይችላል።